«ዋቱን ስንት ላይ ላድርገው?»

ጥያቄው ባህር ዳር፣ ቀበሌ 14 አካባቢ ከሚኖር ወንድማችን የመጣ ነው። አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? 31 ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሲጋራ አጨሳለሁ፤ አሁን ለመተው ቆርጫለሁ። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞልኝ መጣ። ትንሽ ስክሪን አለው። ከ5 እስከ 80 ዋት ይላል። ውስጡ የሚገባው ኮይል ላይ 0.6 ተጽፏል። የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ ደግሞ 20 ሚሊ ግራም ይላል። ጓደኛዬ ‹ከፍ ካላደረግኸው አይጥምም› ብሎ 60 ላይ አደረገልኝ። አንዴ ስስበው ጉሮሮዬን ጠበሰኝ፤ ራሴንም አዞረኝ። የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ጣዕም አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ባደርገውም ያ ጣዕም አልለቀቀም። ስንት ላይ ላድርገው? ሜኑው ላይ ‹ቲሲ›፣ ‹ባይፓስ› የሚሉትስ ምንድን ናቸው? ደግሞ ከሻንጣ ሲወጣ ፈሳሹ ፈሶ ነበር። ተበላሽቶ ይሆን?»

ወንድሜ፣ አጭሩን ላስቀድምልህ። አሁን ያለውን ኮይል፣ ማለትም ሽቦና ጥጥ የታሸገበትን ትንሽ ብረት፣ ጣለው። ጥጡ አንዴ ካረረ በምንም አይመለስም። አዲሱን ኮይል አስገባና 18 ዋት ላይ ጀምር። ከዚያ ሁለት ሁለት ዋት እየጨመርክ ሂድ፤ ጉሮሮህ ላይ ሳይከብድ ጣዕሙ ጥርት ካለልህ እዚያው ቁም። ከ25 አትለፍ። 60 የሚባለውን ቁጥር ለዚህ ኮይል እርሳው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ግን ብታውቅ ይሻላል፤ ነገ ሌላ ዓይነት ኮይል ሲያጋጥምህ ራስህ ትወስናለህ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልበል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ግን ሳይባል የሚታለፍ አይደለም።

አንደኛው የሕግ ጉዳይ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል። በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስም በዚሁ አዋጅ ክልክል ነው። ስለዚህ «የት ይገኛል?» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አልመልስም።

ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል። ሲጋራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች ይህን ነገር ጭራሽ አይንኩት። ለሚያጨስ ሰው ሂሳቡ ይለያል። ሲጋራን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደዚህ የዞረ ሰው ትንባሆ ሲነድ ከሚወጣው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይርቃል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ፣ ኒኮቲን ያለው ቬፕ ሲጋራ በማስተው ከኒኮቲን ማስቲካና ከሚለጠፈው ፓች የተሻለ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ ብሏል። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ጠዋት ሲጋራ፣ ማታ ቬፕ ከሆነ ደግሞ የምታተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቆርጫለሁ ካልክ ሲጋራውን ጨርሰህ ተው። ሐኪም ማማከርም አትርሳ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ትመልሳለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ዕቃው እጁ ገብቷል። አላወቀም ተብሎ አይተወውም፤ ያቃጥለዋል። አሁንም አቃጥሎታል።

ወደ ሽቦው እንሂድ። ቬፕ ሲፈታ ሦስት ነገር ነው፤ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ጥጥ። ባትሪው ለሽቦው ኃይል ይሰጣል። ሽቦው ይግላል። ፈሳሽ የጠጣው ጥጥ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ፈሳሹ ይተናል፤ ያንን ትስባለህ። ሽቦውና ጥጡ አንድ ላይ የታሸጉበት ያ ትንሽ ብረት ነው ኮይል የሚባለው። ስክሪኑና መብራቱ የዚህ አጃቢ ናቸው።

ዋት ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሽቦው ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። የጣዕም ደረጃ አይደለም። የመሣሪያው ጉብዝናም አይደለም። 60 ስትል «በየሰከንዱ ይህን ያህል ሙቀት ሽቦው ላይ ጣልበት» ብለህ አዘዝክ ማለት ነው። ያንን ሙቀት መቻል አለመቻል የሽቦውና የጥጡ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ አያውቅም፤ የታዘዘውን ይሰጣል።

ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ምጣድ ማስጠገን ይበቃል። ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ያረረውን ጫፍ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ስቦ ይቀጥለዋል። ምድጃው ይሠራል። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ይግላል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን እንደገና ይበጠሳል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሽቦ ሲያጥር ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያደርገው ተቃውሞ፣ ይቀንሳል፤ ኮይልህ ላይ የተጻፈው 0.6ም ኦም ነው። ኦም ሲቀንስ በዚያው 220 ቮልት የሚያልፈው ኃይል ይጨምራል። 1,000 ዋት የነበረ ምድጃ ሽቦው አንድ አሥረኛ ቢያጥር ወደ 1,110 ዋት ይወጣል። ያ የጨመረው ኃይል ደግሞ የሚያርፈው ባጠረው ሽቦ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ሙቀቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጨመረ ማለት ነው። ሽቦው አይችለውም።

ባንተ ኮይል ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ምድጃው ላይ ሽቦው ተቀየረ፤ ያንተ ላይ ደግሞ ቁጥሩ። በሁለቱም ሽቦው ከሚችለው በላይ ተጫነበት።

በቁጥር እናስላው። ዋቱን በኦሙ አባዛና የውጤቱን ካሬ ሩት ውሰድ፤ ቮልቱ ይመጣል። 60 ሲባዛ በ0.6፣ 36 ነው። የ36 ካሬ ሩት 6። እንግዲህ ጓደኛህ 60 ሲያደርገው መሣሪያው ኮይልህ ላይ 6 ቮልት ጫነበት፤ 10 አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት አለፈበት። 24 ዋት ቢሆን 3.8 ቮልት እና 6.3 አምፔር ገደማ ነበር። ኃይሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

«ጓደኛዬ ግን በ60 ነው የሚያጨሰው፤ ምንም አልሆነም» ትለኝ ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ የእሱ ኮይል 0.2 ወይም 0.15 ነው። እነዚያ ሰፋ ያለ፣ የተበሳሳ ስስ ብረት ነው ያላቸው። ሜሽ ይሉታል። ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። ጥጣቸው ብዙ ነው፤ ፈሳሽ የሚገባበት ቀዳዳም ትልቅ ነው። ለእነሱ 60 ዋት ልካቸው ነው። ላንተው ኮይል ግን እሳት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው በተለያየ ቁጥር ላይ ቢሆኑ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ኮይላቸው ይለያያል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ዋት ብቻውን አትቅዳ። «ኮይልህ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ።

የተቃጠለ ጨርቅ ጣዕሙ ከየት እንደመጣ ላስረዳህ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትለው የምፈልገው ነው። ፈሳሹ በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል እና ግሊሰሪን። የመጀመሪያው በ188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ሁለተኛው 290 አካባቢ። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የሚገባው ሙቀት ፈሳሹን በማትነን ያልቃል። ሽቦውም ፈሳሹ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙ ርቆ አይሄድም። ጥጡ ግን ፈሳሽ የሚጠጣበት የራሱ ፍጥነት አለው። ዋቱ ከዚያ ፍጥነት ሲቀድም ሽቦው ዙሪያ ይደርቃል። ያኔ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሽቦው ይቀላል፣ ጥጡ ያርራል፣ የቀረው ፈሳሽም ሳይተን በሙቀት ብዛት ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ወደ ምን? ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊን ይወጣዋል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ገብተህ ዘይቱ አርሮ ዓይንህን ያቃጠለህ ቀን አለ? ያ የሚከነክነው ጭስ ውስጥ ያለው አክሮሊን ነው። ፎርማልዲሃይድም ይፈጠራል፤ እሱ ካንሰር አምጪ ነው። እነዚህ በትንሹም ቢሆን በልኩ ዋት ሊኖሩ ይችላሉ። ዋቱ ሲያልፍና ጥጡ ሲደርቅ ግን መጠናቸው በጣም ይጨምራል። ጉሮሮህ ሲጠበስ ሰውነትህ ትክክለኛውን ነገር ነው የነገረህ። «ይለመዳል» ብሎ የሚገፋፋህን አትስማው። ያ ጣዕም ሲመጣ ወዲያው አቁም፤ በዚያው ኮይል ደግመህ አትሳብ።

ራስህን ያዞረህ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ኒኮቲን ነው። 20 ሚሊ ግራም ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን ይኸው 20 ነው። እንዲህ ያለው ፈሳሽ የተሠራው ለትንሽ ዋት ነው፤ እንደ ሲጋራ መጀመሪያ ወደ አፍ ተስቦ ከዚያ ወደ ውስጥ ለሚገባ ጠባብ ስብ። ዋት ሲጨምር በአንድ ስብ የሚተነው ፈሳሽ ይበዛል፤ ኒኮቲኑም አብሮ ይበዛል። በ60 ዋት የሚያጨሱ ሰዎች 3 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 6 ነው የሚጠቀሙት። አንተ የእነሱን ዋት ከራስህ ፈሳሽ ጋር አጋባኸው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ ላብ ማለት ካመጣብህ ወዲያው አስቀምጠውና ንጹሕ አየር ላይ ውጣ። ካልተሻለህ ወደ ጤና ተቋም ሂድ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ያንን ጠርሙስ ቆልፍበት። 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ ውስጡ 600 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ። ጥቂት ጉንጭ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ሽታው ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችን ይስባል። እጅህ ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በሳሙና ታጠብ፤ በቆዳ ውስጥ ይገባል።

አሁን ልኩን ዋት እንዴት እንደምታውቅ። አዲሱን ኮይል ከማስገባትህ በፊት ጎኑን እይ። ከኦሙ ሥር ወይም በሌላኛው ጎን በደቃቁ የተቀረጸ የዋት ክልል አለው፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ይላል። በዓይን ካልታየህ በስልክህ ካሜራ አጉላው፤ ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለህ ያዘው። ኮይሉ ፈሳሽ ከነካው በደረቅ ሶፍት ጥረገው፤ ጽሑፉ ብቅ ይላል። ክልሉ ከ20 እስከ 28 ካለ፣ ያንተ ሥፍራ የክልሉ ታችኛው ግማሽ ነው። አምራቹ የጻፈው ላይኛው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ እንደ ምክር አትውሰደው።

ክልሉ ጨርሶ ካልተጻፈ በግምት እንዲህ ያዘው። 1 ኦም እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ9 እስከ 14 ዋት። 0.8 ከሆነ ከ12 እስከ 18። 0.6 ከሆነ ከ18 እስከ 25። 0.4 ከሆነ 30ዎቹ ውስጥ። 0.2 እና ከዚያ በታች ከ50 ይጀምራል፤ እሱ ግን ላንተ ፈሳሽ አይሆንም። እንዲያውም ሲጋራ ለመተው የሚፈልግ ሰው 0.8 ወይም 1 ኦም ቢይዝ እመርጣለሁ። ስቡ ሲጋራ ይመስለዋል፣ ፈሳሹ አይባክንም፣ ባትሪውም አይጨነቅም።

አዲስ ኮይል ደረቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ከማስገባትህ በፊት ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነጩ ጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ አድርግ። ጥጡ ሲጠጣው ነጭነቱ ይጠፋና ብርሃን የሚያስተላልፍ ይመስላል። ከዚያ ግጠመው፣ ታንኩን (ፈሳሹ የሚቀመጥበትን) ሙላ፣ 10 ደቂቃ ቁጭ ይበል። ቁልፉን ሳትጫን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን ሳበው፤ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከዚያ በዝቅተኛው ዋት ጀምር። አንዱ ስብ ከሌላው ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይራቅ። ሲጋራ የለመደ ሰው አከታትሎ ይስባል፤ ጥጡ ግን ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል። በልኩ ዋት ላይ ሆነህም አከታትለህ ከሳብክ ሊያርርብህ ይችላል።

ዋቱ በጣም ካነሰስ? ጉርጉር የሚል ድምፅ ትሰማለህ፤ ያልተነነ ፈሳሽ ከንፈርህ ላይ ይመጣል። ያኔ አንድ ሁለት ዋት ጨምር። የአየር ማስገቢያውንም አትርሳው። ቀለበቱን ስትከፍተው ብዙ አየር ይገባል፣ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ዋት መጨመር ይቻላል። ስትዘጋው ስቡ ይጠብቃል፣ ሙቀቱ ይሰማሃል፤ ዋቱም መቀነስ አለበት።

ሜኑው ላይ ያሉትን ቶሎ ላልፋቸው። ቪደብልዩ ወይም ፓወር የሚለው ዋት የምትመርጥበት ነው፤ አንተ የሚያስፈልግህ እሱ ብቻ ነው። ባትሪው እስኪደክም ድረስ ያዘዝከውን ዋት ሳያዛንፍ ይሰጣል። ባይፓስ ማለት ግን ባትሪው በቀጥታ ኮይሉ ላይ ይገናኛል ማለት ነው። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ ባንተ ኮይል 29 ዋት ይሆናል። ባትሪው ወርዶ 3.4 ሲደርስ 19 ዋት ብቻ። ጠዋት ያቃጥልሃል፣ ማታ ይደክምብሃል። ተወው።

ቲሲ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሐሳቡ ደስ ይላል። አንዳንድ ብረት ሲግል ኦሙ ይጨምራል፤ ኒኬል፣ ቲታኒየም፣ ስቴይንለስ እንዲህ ናቸው። መሣሪያው ያንን ጭማሪ እያየ ሙቀቱን ይገምታል፤ ካለፈ ኃይል ይቀንሳል፤ ጥጡ እንዳያርር ይጠብቃል። ካንታል የሚባለው የብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ቅልቅል ግን ቢግልም ኦሙ አይለወጥም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኮይል ደግሞ ለዋት የተሠራ ነው። ኮይሉ ላይ ኤስኤስ (ስቴይንለስ)፣ ኤንአይ (ኒኬል) ወይም ቲአይ (ቲታኒየም) ካልተጻፈ ቲሲን አትንካ፤ መሣሪያው የሚያነበው የተሳሳተ ይሆናል። ስቴይንለስ ኮይል ካገኘህ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው። ስክሪኑ ላይ 400 የሚል ካየህ አትደንግጥ፤ ፋረንሃይት ነው፤ ወደ 204 ሴንቲግሬድ ይሆናል።

ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ። መሣሪያውን ራሱን እጅህ ላይ ሊያነድብህ የሚችለው እሱ ነውና። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ 18650 ወይም 21700 ተብሎ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ወርዱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛው 21 በ70። ከመጠኑ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ ሳይጎዳ መስጠት የሚችለው አምፔር ነው። 60 ዋት ለማውጣት፣ በመሣሪያው ውስጥ የሚባክነው ተጨምሮ፣ አንድ ባትሪ ወደ 19 አምፔር መስጠት አለበት። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ደግሞ ከ20 ያልፋል። ብዙ 18650 ባትሪ ግን 10 አምፔር ብቻ የሚችል ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪማ ከዚህም ያንሳል። እንዲህ ያለውን ቬፕ ውስጥ የሚከት ሰው አይቻለሁ፤ በጣም አደገኛ ነው። በ24 ዋት ከሆንክ ግን ከ8 አምፔር አታልፍም። መሣሪያው 80 ዋት ይችላል መባሉ ባትሪህ ይችላል ማለት አይደለም።

ዝቅ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በ24 ዋት፣ ሦስት ሦስት ሰከንድ ብትስብ፣ ወደ 480 ስብ ይሰጥሃል። በ60 ዋት ወደ 190 ይወርዳል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ልዩነቱን ታየዋለህ።

የባትሪው ፕላስቲክ ልባስ ከተላጠ አትጠቀምበት። ትርፍ ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሾርት ያደርግና ይነዳል። ሌሊት ተኝተህ ቻርጅ አታድርግ። በሚያዝያ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ወይም ባጃጅ መስታወት ሥር አትተወው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ አይደረግም፤ የጋለ ከሆነ ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ። መብራት ሲመለስ ብልጭ ድርግም ካለ ዕቃውን ሶኬቱ ላይ አትተወው፤ እስኪረጋ ጠብቅ። ያበጠ ባትሪ ካየህ ደግሞ አትጫነው፣ አትብሳው፣ ከቤት አውጥተህ ሊነድ ከሚችል ነገር አርቀው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ስለፈሰሰው ፈሳሽ ነው። አልተበላሸም። ዱባይ ባሕር ጠለል ላይ ናት። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በአምስተኛ ገደማ ያንሳል። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ሊል ይችላል። ታንኩ ውስጥ የነበረው አየር ሲነፋ ፈሳሹን በኮይሉ ቀዳዳ ገፍቶ አስወጣው። ታንኩን ባዶ አድርገህ በሶፍት ጥረገው፤ ኮይሉ የሚቀመጥበትን የብረት መገናኛ በተለይ አድርቀው። እዚያ ላይ ፈሳሽ ከቀረ መሣሪያው ኦሙን አሳስቶ ያነባል። ከፍታው ዋት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ ብትለኝ፣ ውሃ እኛ ዘንድ ወደ 94 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ሁሉ ፈሳሹም በጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ ይፈላል። ቁጥር ለመቀየር የሚያበቃ ግን አይደለም። የአክስትህን ልጅ ደግሞ ወደፊት ቬፕንና ትርፍ የሊቲየም ባትሪን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳያደርግ ንገረው፤ የበረራ ደንብ ነው፤ ለደኅንነት ነው።

አዲሱን ኮይል ስትገጥም መሣሪያው ቀዝቅዞ ይሁን። ስክሪኑ 0.6 አካባቢ ማንበብ አለበት። 0.57 ወይም 0.63 ቢል ችግር የለም። 0.8 ካለ ወይም በተጫንክ ቁጥር ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ አትጠቀምበት፤ አውጥተህ መገናኛውን ጠርገህ እንደገና አጥብቀው። ያም ካልሆነ ስክሪኑ ያነበበውን ቁጥርና ኮይሉ ላይ የተቀረጸውን የዋት ክልል ጻፍልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ።